የሸክላው ውስጥ፦ ከቀጨኔ ጀበና እስከ ጋያ ራስ

በእሳት ላይ የሚውል ዕቃ ሁሉ፣ ቡና የሚፈላበት ጀበናም ሆነ ትምባሆ የሚጤስበት ጋያ፣ ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ገዢ አይቶ የሚወደው የውጭ ገጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዐይን እምብዛም የማያርፍበት፣ ነገር ግን እሳቱን፣ ፈሳሹን፣ ቅባቱንና ጢሱን በቀጥታ የሚቀበለው የውስጥ ገጽ ነው። የዕቃው ዕድሜም ሆነ በውስጡ የሚበስለው ነገር ጣዕም በአመዛኙ የሚወሰነው በዚህ በሁለተኛው ገጽ አያያዝ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሸክላ ሲነገር የሚወሳው ብዙውን ጊዜ ቅርጹና ጌጡ ነው። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቀጨኔ ሸክላ ግን ሙያው ግማሹ ውስጥ እንዳለ በግልጽ የሚያሳይ ነው፤ ሠሪዋ ውስጡን እስከ አንድ ደረጃ ካደረሰች በኋላ ቀሪውን ሥራ አውቃ ለተጠቃሚው ትተዋለችና።

ቀጨኔ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተዘረጋ የቆየ ሰፈር ሲሆን፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከሰሜን ሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ባለ እጆች፣ ማለትም በእጅ ጥበብ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች፣ የሰፈሩበት ነው። ሸክላ በዚያ የሴቶች ሙያ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ለረጅም ዘመን ግን ሸክላ ሠሪውም፣ ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም ለኅብረተሰቡ የዕለት ኑሮ የማይቀሩ ዕቃዎችን እያቀረቡ በዚያው ኅብረተሰብ ዘንድ የተናቁ፣ አልፎ ተርፎም «ቡዳ» እየተባሉ የሚገለሉ ነበሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ቢከለክሉም፣ ንቀቱ በአዋጅ ብቻ የሚጠፋ አልነበረም። ንቀቱ በሰዎቹ ክብር ላይ ካደረሰው በደል በተጨማሪ በዕውቀትም ላይ ጉዳት አድርሷል፤ እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ፣ ጠላው የተጠመቀበትን ጋን የሠራችው ሴት እንዴት እንደምትሠራ የሚጠይቃትና የሚጽፍላት ባለመኖሩ፣ እጅግ የረቀቀ ዕውቀት ለብዙ ትውልድ በእጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል።

የሥራው መነሻ አፈሩ ነው። ከእንጦጦና ከአካባቢው የሚቆፈረው የሸክላ አፈር ተፈጭቶ፣ ተነፍቶና በውኃ ርሶ ከታሸ በኋላ፣ ገል፣ ማለትም የተሰበረ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ፣ ደቅቆ ይጨመርበታል። አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈ ሸክላ ዳግመኛ ስለማይሟሟ፣ በጭቃው ውስጥ እንደ ጠጣር ፍሬ ተበትኖ ይቀመጥና ጭቃው ሲደርቅ እንዳይኮማተር፣ በእሳት ጊዜም እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ጭቃው የሚቀረጸው በሚሽከረከር መንኮራኩር ሳይሆን በእጅ ነው፤ አንዱ እጅ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ከውጭ እየደገፈ ግድግዳው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ከውስጥ ያለው እጅ የሚሠራውን ዐይን አያየውም፤ ልምድ ያላት ሠሪ የግድግዳውን ውፍረት የምታውቀው በሁለት እጆቿ መካከል ባለው ስሜት ብቻ ነው።

የውስጥ ገጽ ሥራ የሚጀምረውም በዚሁ ጊዜ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ነው። ግድግዳው አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ከሳሳ፣ የወፈረው ዘግይቶ የሳሳው ፈጥኖ ስለሚደርቅ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ጭቃው ትንሽ ጠንከር ሲል፣ ግን እጅ ሲጫነው ገና የሚታዘዝ በሆነበት ሰዓት፣ ውስጡ በቅል ስባሪ ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ ተፍቆ ይስተካከላል፣ ከዚያም በራሰ ቆዳ ወይም ጨርቅ ይለሰልሳል። ይህ ልስላሴ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። የሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች የተሠራ በመሆኑ፣ ገጹ በእርጥብ ነገር ሲዳበስና ትንሽ ደረቅ ካለ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ሲታሽ፣ ቅንጣቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ይተኛሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ይጠባል፣ ገጹም ያለ ምንም ቀለም ያንጸባርቃል።

ምጣድና ድስት አፋቸው ሰፊ ስለሆነ ውስጣቸው እንደ ልብ በድንጋይ ሊታሽ ይችላል። ጀበና ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጀበናው ሆድ መጀመሪያ ተሠርቶ ጠንከር ካለ በኋላ አንገቱ ስለሚቀጠልበት፣ ከዚያ በኋላ እጅ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ የለም። ሠሪዋ የሆዱን ውስጥ መጨረስ ያለባት አንገቱ ሳይቀጠል በፊት ነው፤ አንገቱ ሲቀጠል ደግሞ መጋጠሚያው ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም መያያዝ ስላለበት፣ ጣቷን በጠባቡ አንገት አስገብታ ጭቃውን ወደ ሆዱ ግድግዳ ትጭነዋለች። ይህ ጭነት በሚገባ ካልተደረገ በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀጭን ቦይ ይቀራል፤ በዚያ ቦይ የቡና አተላ እየተጠራቀመ ይሻግታል፣ ጀበናው ተንገብግቦ ውኃ በጨመሩበት ቀንም ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነው። የጀበናው አፍ ሲበሳም እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲበሳ መብሻው የገፋው ጭቃ በውስጥ በኩል እንደ ከንፈር ተነሥቶ ስለሚቀር፣ ያ ከንፈር ካልተነሣ የሚቀዳው ቡና እየተቆራረጠ ይወርዳል። ገዢ ይህን ሁሉ በዐይኑ አያየውም፤ ቡናው ሲቀዳ ግን ይደርስበታል።

ዕቃው በሚገባ ከደረቀ በኋላ የሚቃጠለው በግልጽ ቦታ፣ በጭራሮ፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። እንዲህ ያለው እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ከ500 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከአፈሩ ቅንጣቶች ጋር ተዋሕዶ የኖረው ውኃ ስለሚወጣ ጭቃው ዳግመኛ ወደ ጭቃነት የማይመለስ ሸክላ ይሆናል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቅንጣቶቹን አቅልጦ እንደ ብርጭቆ ለማዋሐድ አይበቃምና በሸክላው አካል ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ዕቃው ገና እንደ ፍም ቀልቶ ሳለ ከእሳቱ ወጥቶ በጭድ፣ በሰጋቱራ ወይም በቅጠል ሲሸፈን፣ አየር ያጣው ጢስ በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ ጥቀርሻውን ስለሚያስቀምጥ ሸክላው ይጠቁራል። የቀጨኔ ጀበና ጥቁረት የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከተቀባ ቀለም አይደለም፤ ጥቁረቱ ከገጹ አልፎ ወደ ግድግዳው ስለሚዘልቅ፣ ዕቃው ሲሰበር ስባሪው ላይ ምን ያህል እንደገባ በዐይን ይለያል።

እዚህ ላይ ውስጡ ለምን እንደ ፋብሪካ ሸክላ በብርጭቆ መሰል ልባጥ አይሸፈንም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልባጡ በወጉ ቀልጦ እንዲይዝ የሚያስፈልገው ሙቀት ብዙውን ጊዜ በግልጽ እሳት ከሚገኘው በላይ መሆኑ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ከዚያ የሚበልጠው ግን ልባጥ የሌለው ሸክላ እሳትን የሚችልበት መንገድ ነው። ሸክላ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ ጀበና ከታች በከሰል እየጋለ ከላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጨመርበት አንዱ ወገኑ ሲሰፋ ሌላው ይጠባል። ጥቅጥቅ ብሎ የተዋሐደ አካል ቢሆን ኖሮ አንዲት ደቃቅ ስንጥቅ ተነሥታ እስከ ዳር በሮጠች ነበር፤ ቀዳዳና ገል በተበተነበት አካል ውስጥ ግን ስንጥቋ ብዙም ሳትሄድ ከአንዱ ቀዳዳ ወይም ከአንዱ የገል ፍሬ ጋር ተጋጥማ ትቆማለች። ስለዚህ ደረቅ ሳህን ላይ ጉድለት የሚመስለው ቀዳዳነት ምድጃ ላይ ለሚውል ዕቃ ዋና ጉልበቱ ነው። ችግሩ ያው ቀዳዳ ውኃንም፣ ወጥንም፣ ሊጥንም የሚጠጣ መሆኑ ነው፤ ይህን የሚፈታው ደግሞ ማሟሸት ነው።

ማሟሸት አዲስ የሸክላ ዕቃ ለአገልግሎት ከመዋሉ በፊት ቀዳዳዎቹን በቅባት፣ በገለባና በዱቄት ነክ ነገር ወይም በጢስ የመሙላት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የሚሟሽበት ነገር የተለየ ሲሆን፣ ልዩነቱ በዘፈቀደ የመጣ ሳይሆን ዕቃው ከሚይዘው ነገር የተወሰደ ነው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ምጣድ ነው። ሊጥ በቀጥታ የሚፈስበት፣ እንጀራውም ሳይቀደድ መነሣት ያለበት ገጽ በመሆኑ፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው በዚህ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አንዲት ያልተሟሸች ቦታ ብትቀር እንጀራው እዚያው ላይ ይያዛል። አዲሱ ምጣድ በመጀመሪያ ለስለስ ባለ እሳት ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ በአካሉ ውስጥ የቀረ እርጥበት በድንገት ወደ እንፋሎት ቢለወጥ ይሰነጥቀዋልና። ከዚያ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይበተንበትና በጨርቅ ማሰሻ ክብ እየተደረገ ይታሻል፤ ዘሩ እየጠቆረ፣ ቅባቱ እየወጣ፣ ጢሱም ቤቱን እየሞላ ገጹ ቀስ በቀስ ከአፈር ቀለም ወደ ጥቁር ያመራል። ያረረው ተጠርጎ ሌላ ይበተናል፤ ይህ የሚደጋገመው ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁረትና ወዝ እስኪይዝ ድረስ ነው። ባለሙያ ሴት ምጣዱ መሟሸቱን የምታውቀው ማሰሻው ያለ ምንም መያዝ ከዳር እስከ ዳር ሲንሸራተት ነው። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ለመብል ሳይሆን ለምጣዱ የሚጋገሩ ናቸው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የሚፈጸመው ነገር በኬሚስትሪ የታወቀ ነው። የዘር ቅባት ከፍ ባለ ሙቀት ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ፣ ተለያይተው የነበሩት ጥቃቅን ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ረጅም መረብ ይሠራሉ፤ ፈሳሽ የነበረው ዘይት በሙቅ ውኃ የማይታጠብ፣ ጠንካራና ለስላሳ ስስ ሽፋን ይሆናል። የብረት መጥበሻ በዘይት ሲሟሽም የሚሆነው ይኸው ነው። የተልባ ዘይት ከጥንት ጀምሮ ለሥዕል ቀለም የተመረጠው፣ በክፍል ሙቀት እንኳ ሳይቀር በዚህ ዓይነት የሚደርቅ በመሆኑ ነው። ጎመን ዘር ይህን ቅባት ከነገለባው ስለሚያቀርብ፣ ዘይቱ ሽፋን ሲሆን የደቀቀው ገለባ ደግሞ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ እንደ ደቃቅ መሙያ ያገለግላል። ምጣዱ በየጋገራው መካከል በማሰሻ መታበሱ ይህን ሽፋን ያለማቋረጥ ያድሰዋል፤ ስለዚህ ለብዙ ጊዜ ሳይጋገርበት የቆየ ምጣድ ዳግመኛ ይሟሻል።

የጀበና ማሟሸት ከዚህ ይቀላል። ቅባት ከተቀባ የቡናውን መዓዛ ስለሚያበላሽ፣ አተላ በውኃ ውስጥ ገብቶ ደጋግሞ ይፈላበትና ይደፋል፤ የቡናው ደቃቅ ዱቄትና በፍሬው ውስጥ ያለው የራሱ ዘይት ቀዳዳዎቹን ይሞላቸዋል፣ የአፈሩንም ሽታ ያወጣዋል። ስለዚህ በደንብ ያገለገለ ጀበና ውስጡ የቡና ቀለም ይዞ ሲገኝ ይህ እድፍ ሳይሆን ሥራው መጠናቀቁን የሚያመለክት ነው። በሳሙና ማጠብ የማይገባውም ለዚሁ ነው፤ ሳሙናው ቅባቱን ከቀዳዳዎቹ አስወጥቶ ራሱ ስለሚገባበት በሚቀጥለው ቡና ላይ ይወጣል።

ጋን ደግሞ ፈጽሞ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ቅጠል ተፈግፍጎ ከታጠበ በኋላ በአፉ ተደፍቶ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የወይራው ጢስ ለጠላው ጣዕምና መዓዛ ከመስጠቱም በላይ፣ በጢስ ውስጥ የሚገኙት ፌኖል የሚባሉት ውሑዶች ለብዙ ተሕዋስያን የማይመቹ በመሆናቸው፣ መጠጡን ሊያበላሹ የሚችሉትን ያዳክማሉ። እዚህ ላይ ጋኑ በቅባት ቢሟሽ ኖሮ የሚጠፋው ነገር ብዙ በሆነ ነበር፤ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ውኃን በጥቂቱ ወደ ውጭ እያስተነፈሰ መጠጡን ያቀዘቅዛል፣ በሚገባ ካልተፈገፈገም ካለፈው ጠላ የቀሩ እርሾዎችን ይዞ ወደሚቀጥለው ያሻግራል።

ይህ የውስጥ ገጽ ሁሉን እንደሚመዘግብ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ከጋሞ ነው። ጆን አርተር የተባሉ አሜሪካዊ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ በጋሞ ደጋ የሸክላ ዕቃዎችን አገልግሎት አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የገብስና የሌላም እህል ጠላ የሚጠመቅባቸው ዕቃዎች ውስጣቸው በመፍላት በሚፈጠረው አሲድ እየተበላ ጎድጎድ ጎድጎድ እንደሚል፣ እንዲህ ያለው ጉዳትም በይበልጥ የሚታየው ብዙ እህል ለመጠጥ ማዋል በሚችሉ ባለጸጋ ቤቶች ዕቃዎች ላይ መሆኑን አሳይተዋል። የቤቱ ሀብት በማሰሮው ሆድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው፤ የቅርጽና የጌጥ ጥናት ብቻውን ይህን ሊናገር አይችልም።

ከምግብ ዕቃ ወጣ ብሎ የሸክላ ውስጥ ሥራ ልዩ ትርጉም የሚያገኘው በጋያ ላይ ነው። ጋያ በኢትዮጵያ በተለይም በደቡብና በምዕራብ አካባቢዎች የሚታወቅ የትምባሆ ማጨሻ ሲሆን፣ ውኃ የሚይዝ ቅል፣ ጢሱ የሚወርድበት ሸምበቆ ወይም እንጨትና በላዩ የሚቀመጥ፣ ትምባሆውና ፍሙ የሚያርፍበት የሸክላ ራስ አሉት። የጋያው ራስ እንደ ጀበና ትንሽ፣ እንደ ምጣድ ደግሞ በቀጥታ እሳት የሚያርፍበት ነው፤ ነገር ግን በቅባት አይሟሽም፣ ሊሟሽም አይገባውም። ቅባት በፍም ሥር ሲነድ የሚያወጣው ጢስ ራሱ ከትምባሆው ጋር ወደ ሳንባ ስለሚሄድ፣ የራሱ ውስጥ ልስልስ ተደርጎ ግን ባዶ ሆኖ ይተዋል። ትንሹ ቀዳዳ ሲበሳ የሚፈጠረው ከንፈር መነሣት አለበት፤ ካልተነሣ አመድና ደቃቅ ቅጠል እየተሰገሰገ የጢሱን መንገድ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የራሱን ውስጥ የሚያጠቁረውና የሚለብጠው ራሱ የትምባሆው ጥቀርሻ ነው።

ያ ጥቀርሻ ለታሪክ ያበረከተው ነገር አለ። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኝ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ፣ ከላስታው ላሊበላ የተለየ ነው፣ ጆአን ዶምብሮቭስኪ የተባሉ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ባደረጉት ቁፋሮ ሁለት የማጨሻ የሸክላ ራሶች ተገኝተዋል። የተገኙበት ዘመን በራዲዮካርቦን ልኬት እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ፣ ማለትም 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገምቷል። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባሉ ተመራማሪ ከራሶቹ ውስጥ የተፋቀውን ጥቀርሻ በኬሚካል መርምረው እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት የካናቢስ ቅሪት እንዳገኙበት አስታውቀዋል። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል በመሆኑ ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በፊት ወደ አፍሪካ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ የማጨሻ ራስ መሥራት ከትምባሆ መምጣት የሚቀድም መሆኑን የሚጠቁመው ይህ ከሸክላ ውስጥ የተፋቀ ጥቁር ዱቄት ነው። ቁፋሮ አድራጊዋ ራሶቹን አጽድተው ቢያስቀምጧቸው ኖሮ ይህ ሁሉ በጠፋ ነበር።

በክርስቲያኑ ደጋ ትምባሆ በቤተ ክርስቲያን የተነቀፈ በመሆኑ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በጥብቅ ስለከለከሉት፣ የጋያ ራስ በዚያ እንደ ጀበናው የየቤቱ ዕቃ ሊሆን አልቻለም። ዛሬም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ማጨስ ሳንባንና ልብን የሚጎዳ፣ በካንሰርም ምክንያትነት የተረጋገጠ ነው። የጋያ ራስ እዚህ የሚወሳው ለሸክላ ሙያ ስለሚናገረው ነገር እንጂ ልማዱ ይስፋፋ ተብሎ አይደለም።

በሌላው ዓለም ለፒፓ የሚመረጠው ቁሳቁስ ከኢትዮጵያ ደጋ ጋር ያልተጠበቀ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች በምትገኘው ሳን ክሎድ ከተማ የታወቀው ፒፓ የሚሠራው ከኤሪካ አርቦሪያ፣ ማለትም በአማርኛ አስታ ከሚባለው ተክል፣ ከሥሩ አጠገብ ከሚያብጠው እንጨት ነው። አስታ በሰሜንና በባሌ ተራሮች ከጫካው በላይ ባለው ቀዝቃዛ ቀበቶ ለብቻው ሸፍኖ የሚታይ ተክል ቢሆንም፣ ለፒፓ የሚቆረጠው በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅለው ነው። እብጠቱ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ጭማቂው ከወጣ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃል። የፒፓ ሠሪዎች ጽዋውን፣ ማለትም ትምባሆ የሚሞላበትን ጉድጓድ፣ ሲጨርሱ በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዳንዶቹ እንጨቱን ባዶውን ይተዉታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ደቃቅ የከሰል ዱቄት ከሶዲየም ሲሊኬት፣ ከጄላቲን ወይም ከአሬራ ጋር አዋሕደው ስስ አድርገው ይቀቡታል። በአሬራው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲደርቅ ዱቄቱን እንደ ሙጫ ስለሚይዘው፣ ገና የመጀመሪያው እሳት ሲነካው እንጨቱ አይለበለብም። ባዶውን የሚተዉት ወገኖች ልባጡ የእንጨቱን ጉድለት ይደብቃል ይላሉ፤ ይህ ክርክር ሠሪው ምን ያህል ለተጠቃሚው መተው አለበት የሚለው ጥያቄ ስለሆነ ለቀጨኔ ሸክላም እንግዳ አይደለም።

በፒፓው ውስጥ ከአገልግሎት ብዛት የሚጠራቀመው የከሰል ሽፋን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል፤ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ግን ሲሞቅ ከእንጨቱ በተለየ መጠን ስለሚሰፋ ፒፓውን ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ በየጊዜው ይፋቃል። ነጭ የሸክላ ፒፓ በብዛት ይሠራባት በነበረችው በኔዘርላንዷ ጉዳ ከተማ የተሠሩት ግን እንጨት ስላልሆኑ እንዲህ ያለ ጠባቂ አያስፈልጋቸውም፤ ጥቀርሻ ሲበዛባቸው ተመልሰው እሳት ውስጥ ገብተው ይነጣሉ። የቀጨኔ ምጣድ ወይም ጀበና በዚህ መንገድ ሊነጻ አይችልም፤ እሳቱ የሚያቃጥለው እድፉን ብቻ ሳይሆን ለወራት የተጠራቀመውን ማሟሻም ነውና።

በአዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ወደ ጓዳ ሲገባ የሸክላ ምጣድ ያበቃለታል ብሎ የገመተ ቢኖር ተሳስቷል። በብዙ ቤት በሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር የተደበቀው ገበታ አሁንም ሸክላ ነው፤ ልዩነቱ በታችኛው ገጹ ላይ የሚሞቀው ሽቦ የሚተኛበት ቦይ መቆፈሩ ነው። ሠሪዋ በዚህ ዕቃ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ትሠራለች፤ ላዩን በድንጋይ አሽታ ታለሰልሳለች፣ ታቹን ደግሞ በእኩል ጥልቀትና በእኩል ርቀት ትቆፍራለች፤ ቦዩ ወደ ላይኛው ገጽ አብዝቶ ከቀረበ ያ ቦታ ቶሎ ግሎ እንጀራውን ያሳርረዋል። ሽቦው ይቀያየር እንጂ የላይኛው ገጽ የሚሟሸው ዛሬም በጎመን ዘር ነው።

ለገዢ የሚበጀው የውጭውን ጥቁረትና ጌጥ ካየ በኋላ ወደ ውስጥ መመልከት ነው። ጀበናው በጣት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ አካሉ በደንብ ተቃጥሏል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይ ስንጥቅ አለበት ወይ እሳቱ አልበቃውም። የድስቱ ውስጥ በጣት ሲዳበስ ወጣ ገባ የሌለው፣ የምጣዱ ውፍረት ከመሐል እስከ ዳር የተስተካከለ፣ የጀበናው መጋጠሚያ ከውስጥ በጣት ሲነካ ቦይ የሌለበት መሆን አለበት። ሻጯ ዋጋ ስትጠራ በውጭው ጌጥ ላይ ከሚደረገው ክርክር ይልቅ ለዚህ የማይታይ ሥራ የሚገባው ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ ያ ዋጋ ደግሞ እስከ ዛሬ በሙሉ ተከፍሎ አያውቅም።